የማጥቢያ ትራሱን ወድጄዋለሁ፣ ማስተኛውን ግን አልገዛም አልኩ

ከአያት አለፍ ብሎ ካለ የሕፃናት ዕቃ መሸጫ ነው የገዛሁት፤ 1,800 ብር። እንደ ግማሽ ጨረቃ የጎበጠ፣ በእናትየው ወገብ ዙሪያ የሚታሰር የማጥቢያ ትራስ ነው። ልጄን በኦፕሬሽን ስለወለድኩት ሆዴ ላይ ሲያርፍ ስፌቱን ይነካኝ ነበር፤ ትራሱ ክብደቱን ተሸከመልኝ፣ ጎንበስ ማለቱም ቀረልኝ። ታላቅየዋን ጋቢ አጣጥፌ ነበር ያጠባኋት፣ ጋቢ ደግሞ ይንሸራተታል። በዚህ በኩል ቅሬታ የለኝም።

ስትገዙ መጀመሪያ ዚፕ እንዳለው እዩ። ልብሱ የማይወልቅ ከሆነ በነፃ ቢሰጧችሁም አትውሰዱ፤ አራስ ቤት ውስጥ ትውከቱም ሽንቱም እዚያው ላይ ነው። እኛ ኮንዶሚኒየም ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ሙሉውን ማጠብ ቅንጦት ነው። ልብሱን ብቻ አውልቄ በቀዝቃዛ ውሃ እዘፈዝፈዋለሁ። ወተት የነካው ጨርቅ ላይ ፈጥኖ ሙቅ ውሃ ከፈሰሰበት እድፉ ይያዛል። ከዚያ ለብ ባለ ውሃና በትንሽ ኦሞ አሽቼ ሳሙናው እስኪጠፋ አለቀልቀዋለሁ። በረኪና አላስጠጋውም፣ የልጁ አፍንጫ የሚያርፍበት ነው።

የእኔ ሙሌት ፋይበር ስለሆነ ይታጠባል፤ ጣጣው ማድረቁ ነው። ክረምት ላይ ባትሞክሩት ይሻላል፤ ላዩ ደርቆ መሃሉ እርጥብ ይቀርና ይሻግታል። የጥቅምት ፀሐይ ሲወጣ በረንዳ ላይ እያገላበጡ ማድረቅ ነው። ሲደርቅ ጨበጥ ጨበጥ አድርጉት፤ ሙሌቱ ተጓጉሎ መሃሉ ከጎደጎደ ወይም ከላላ ሥራው አብቅቷል፣ ልጁ ይሰምጥበታል። ስፖንጅ ከሆነ አትዘፍዝፉት፣ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግ። ወተት እንዳያሰርግ ብላችሁም ፌስታል አታልብሱት።

ሻጩ ታዲያ ጠርዙ ዙሪያውን ያበጠ፣ ላውንጀር የሚሉትን ማስተኛ አወጣልኝ። «እህቴ፣ ይህንንም ጨምሪበት፣ ተኝቶ ያድርበታል፣ አንቺም ታርፊያለሽ» አለኝ። ካርቶኑ ላይ ያለው ሕፃን ራሱ ዓይኑን ጨፍኖ ተኝቷል። አልገዛሁም። እ.ኤ.አ. በ2021 አሜሪካ ውስጥ ቦፒ የተባለው ኩባንያ 3.3 ሚሊዮን ያህል የአራስ ላውንጀሮቹን ከገበያ ሰብስቧል፤ ስምንት ሕፃናት መሞታቸው ከተነገረ በኋላ ነው። የአራስ ልጅ ራስ ከባድ፣ አንገቱ ደካማ ነው። ለስላሳና ዘንበል ያለ ነገር ላይ ሲተኛ አገጩ ደረቱ ላይ ይወድቅና የመተንፈሻ ቧንቧው ይታጠፋል፤ ወይ ዞር ሲል ፊቱ ጠርዙ ውስጥ ይቀበራል። አያለቅስም፣ አይንፈራገጥም፤ ጎኑ ያለ ሰው ላያውቅ ይችላል።

የማጥቢያ ትራሱም ቢሆን ለመኝታ አልተሠራም። እናትየውን ሳይሆን ልጁን የሚያስር ቀበቶ ያለውንም አይቻለሁ፤ አሜሪካኖቹ በ2024 ባወጡት ደንብ እንዲህ ያለውን ማሰሪያ ከልክለዋል። የእኔ ማሰሪያው ለእኔ ወገብ ብቻ ነው።

ቤት ውስጥ ትልቁ ክርክር ከአማቴ ጋር ነው። ጠግቦ እዚያው ሲያሸልብ «ተይው እንጂ ልጄ፣ ምን ያስቸኩልሻል፣ ይነቃብሻል» ይሉኛል። «ይንቃ እማማ፣ እናባብለዋለን» እልና አንስቼ በጀርባው፣ ጠንከር ባለ ሜዳ ፍራሽ ላይ፣ ያለ ትራስና ያለ ወፍራም ብርድ ልብስ አስተኛዋለሁ። አሁን እሳቸውም እያጉረመረሙ ያነሱታል። ሌሊት እያጠባሁ እንቅልፍ ሲጥለኝ ደግሞ ባለቤቴን ቀስቅሼ አቀብለዋለሁ፤ እሱም ያጉረመርማል።

ሱቁ ዕቃ አይመልስም፣ ትርፍ ልብስም አይሸጥም። የሰፈራችን ልብስ ሰፊ ከአሮጌ የጥጥ አንሶላ ሰፍቶልኝ ዚፑን ጨምሮ 250 ብር ከፈልኩ። ስታሰፉ በልኩ ጥብቅ ይበል በሉት፤ የላላ ጨርቅ ልጁ አፍና አፍንጫ ላይ ይሰበሰባል።