ኢንተርኔታችንን ላስተካከለልን ቴክኒሺያን

ይህን ልጅ ሳላመሰግን ባልፍ ቅር ይለኛል።

ሁለት ወር ሙሉ የቤታችን ኢንተርኔት እየተቆራረጠ አንገሽግሾን ነበር። መጀመሪያ የመጣው ሰው ራውተሩን አገላብጦ አየና "አርጅቷል፣ አዲስ ግዙ" ብሎን ሄደ። ልንገዛም ተነስተን ነበር።

ይሄኛው ግን ዕቃ ሳይነካ በፊት "የሚቋረጠው ስልክ ሲደወል ነው?" ብሎ ጠየቀ። ማናችንም ልብ አላልንም። ከሞባይሉ ወደ ቤት ስልካችን ደወለ፤ ስልኩ ገና ሲጮህ ራውተሩ ላይ ያለችው የዲኤስኤል (በስልክ መስመር የሚመጣው ኢንተርኔት) መብራት ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረች፣ ኢንተርኔቱም ጠፋ። አፋችንን ይዘን ቀረን።

ነገሩን ቁጭ ብሎ አስረዳን። ድምፅም ኢንተርኔትም የሚመጡት በአንድ ጥንድ የመዳብ ሽቦ ነው። ንግግራችን ዝቅ ባለ ድግግሞሽ (ፍሪኩዌንሲ)፣ ከ4 ኪሎኸርዝ በታች ይሄዳል፤ ኢንተርኔቱ (ኤዲኤስኤል የሚባለው የዲኤስኤል ዓይነት) ደግሞ ከ25 ኪሎኸርዝ አካባቢ ጀምሮ እስከ 1.1 ሜጋኸርዝ ገደማ ያለውን ይይዛል። ሁለቱ እንዳይረባበሹ የሚለያያቸው ፊልተር የምትባል ትንሽ ዕቃ ናት፣ እሷም እያንዳንዱ ስልክ ላይ መኖር አለባት። ለካ መኝታ ቤት ያለው ሁለተኛው ስልክ ያለ ፊልተር ግድግዳው ላይ በቀጥታ ተሰክቷል! ከቦርሳው አንድ አውጥቶ ሰካለት። እንደገና ደወለ። መብራቷ ንቅንቅ አላለችም።

እዚያ ላይ ሂሳቡን ተቀብሎ መሄድ ይችል ነበር። አልሄደም። ላፕቶፑን በኬብል ከራውተሩ ጋር አገናኝቶ ፍጥነቱን ለካ፣ ከዚያ በዋይፋይ ለካ፣ ልዩነቱ የትየለሌ ነው። "መስመሩ አሁን ጤነኛ ነው፣ የቀረው የዋይፋዩ ነው" አለ። ራውተሩን ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ወለል ላይ ነበር የደበቅነው። አውጥቶ ኮሪደሩ ላይ ከፍ ያለ ቦታ አስቀመጠው። ዋይፋይ ከሚሠራባቸው ሞገዶች አንዱ በሆነው በ2.4 ጊጋኸርዝ እርስ በርስ የማይነካኩት ቻናሎች (መስመሮች) 1፣ 6 እና 11 ናቸው፤ የጎረቤቶቻችን ራውተሮች ከሞላ ጎደል ሁሉም 6 ላይ ስለነበሩ የእኛን ወደ 11 ቀየረው። ቅርብ ያሉትን ዕቃዎች ደግሞ 5 ጊጋኸርዝ ላይ አደረጋቸው፣ ፈጣን ነው፣ ግን ግድግዳ ያደክመዋል። (ማይክሮዌቭም በዚያው በ2.4 አካባቢ ስለሚሠራ ራውተር አጠገቡ አታድርጉ ብሎናል።)

አዲስ ራውተር አልገዛንም። ያው አሮጌው ነው እየሠራ ያለው። እኔን ከሁሉ በላይ ደስ ያለኝ ግን እያንዳንዱን ነገር እናቴ እስኪገባት ድረስ ሳይሰለች ማስረዳቱ ነው። እጁ ይባረክ!

ቁጥሩን ሳላስፈቅደው እዚህ አልለጥፍም፣ የምትፈልጉ በውስጥ ጻፉልኝ። ከመደወላችሁ በፊት ግን ኮምፒውተራችሁን በኬብል ከራውተሩ ጋር አገናኝታችሁ ሞክሩ፣ በኬብልም ይቆራረጥ እንደሆነ እዩ። መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።