ዊቸር 3 ከነማስፋፊያዎቹ፦ ከወራት ጨዋታ በኋላ

ፍርዴን ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። "ዘ ዊቸር 3" የሚባለው የኮምፒውተር ጌም ሁለት ማስፋፊያዎች፣ ማለትም በኋላ የተጨመሩ ትልልቅ ክፍሎች፣ አሉት። ትንሹ "ሃርትስ ኦፍ ስቶን" ይባላል፣ ትልቁ ደግሞ "ብለድ ኤንድ ዋይን"። ሁለቱም ቢጫወቷቸው አያስቆጩም። ሰው ሁሉ ግን የሚያወድሰው ትልቁን ነው። እኔ ወራት አልፈውም ከአእምሮዬ አልወጣ ያለኝ ትንሹ ነው።

ጌሙን ለማያውቅ ሰው በአጭሩ፦ ዋናው ክፍል የወጣው እ.ኤ.አ. በሜይ 2015 ነው። ሠሪው ሲዲ ፕሮጀክት ሬድ የሚባል የፖላንድ ኩባንያ ነው። ዋናው ሰውዬ ጌራልት ይባላል፤ እየተከፈለው ጭራቅ ያድናል። ትንሹ ማስፋፊያ በዚያው ዓመት በኦክቶበር መጣ፣ ትልቁ በቀጣዩ ዓመት በሜይ መጨረሻ። ኩባንያው ትንሹን የ10 ሰዓት፣ ትልቁን የ20 ሰዓት ጨዋታ ብሎ ነው ያስተዋወቃቸው። እንደ እኔ ያየውን በር ሁሉ እያንኳኳ ለሚሄድ ሰው ከዚያ ይረዝማል።

እዚህ ጅማ ላይ "ያዋጣል ወይ?" ሲባል ነገሩ የዶላር ብቻ አይደለም። ዳታ አለ። መብራት አለ። እኔ ኦንላይን የሚከፍል ካርድ ስለሌለኝ ውጭ ያለ ዘመድ ማስቸገርም አለ። እኔን የገዛችልኝ የአክስቴ ልጅ ናት። "ይሄ ሁሉ ጣጣ ለጌም ነው?" አለችኝ። "ነው" አልኳት። ምን ልበል?

ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ብር በገበያ መተመን ከጀመረ የዶላሩ ዋጋ ከእጥፍ በላይ ወጥቷል። ስለዚህ 10 ዶላርም ቢሆን ዝም ብሎ የሚወጣ ገንዘብ አይደለም። ደግነቱ ጌሙ አርጅቷል። ዋናውና ሁለቱ ማስፋፊያዎች አንድ ላይ "ኮምፕሊት ኤዲሽን" ተብለው ስቲም በሚባለው የጌም መሸጫ ድረ ገጽ ላይ 50 ዶላር ተለጥፎባቸዋል። በዚያ ዋጋ አትግዙ። በዓመት ውስጥ ደጋግሞ 80 በመቶ ቅናሽ ይደረግበታል፤ ያኔ ሦስቱም በ10 ዶላር ገደማ ይገኛሉ። ማስፋፊያዎቹ ሲወጡ ለየብቻ 10 እና 20 ዶላር ነበሩ። አሁን ነጥሎ መግዛት የሚያስፈልገው ዋናውን ቀድሞ የገዛ ሰው ብቻ ነው። ከጓደኛ ሃርድ ዲስክ ላይ የተገለበጠ ጌም የምትጫወቱ ካላችሁ ደግሞ አንድ ነገር አስተውሉ፤ እኔ ሰው ላፕቶፕ ላይ ካየኋቸው ቅጂዎች ብዙዎቹ ማስፋፊያዎቹ የሏቸውም። ሰዎቹ ጌሙን ጨርሰናል ይላሉ። ግማሹን ነው የጨረሱት።

ዲኤልሲ፣ ማለትም ጌም ከወጣ በኋላ የሚመጣ ጭማሪ፣ ስሙ የከፋው ያለ ምክንያት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2006 ቤተስዳ የሚባል ኩባንያ "ኦብሊቪዮን" ለሚባለው ጌሙ የፈረስ ጥሩር በ2 ዶላር ተኩል ሸጠ። ዓለም ሳቀበት። ገበያው ግን አልቆመም። ዛሬ ሰፈራችን ጌም ቤት ውስጥ ኳስ የሚጫወቱ ልጆች የተጫዋች ፓክ ሲመኙ እሰማለሁ። ፓክ ማለት በገንዘብ የሚገዛ ዕጣ ነው። ቢወጣልህ እንኳ በሚቀጥለው ዓመት አዲሱ ጌም ሲመጣ ተጫዋችህ አብሮህ አይሻገርም። የዊቸር ሠሪዎች ግን ትንንሾቹን ጭማሪዎች፣ ልብሱን፣ የፀጉር ቁርጡን፣ አጫጭር ሚሽኖቹን፣ 16 አድርገው በነፃ ሰጡ። ገንዘብ የጠየቁት ለሁለቱ ትልልቅ ክፍሎች ብቻ ነው። ይህን አከብርላቸዋለሁ።

አሁን ወደ ትንሹ።

ታሪኩ የኦልጊርድ ነው። ሀብቱን ያጣ ባላባት ነው። የሚወዳትን ልጅ ቤተሰቦቿ ከለከሉት። እሱም ጎንተር ኦዲም ከሚባል ሰውዬ ጋር ውል ገባ። "ሰውዬ" አልኩ እንጂ ሰው አይደለም። ሲያዩት ተራ የመስታወት ነጋዴ ይመስላል። በዋናው ጌም መጀመሪያ ላይ አንድ መጠጥ ቤት ውስጥ ብቅ ብሎ ሁለት ሦስት ነገር ተናግሮ ይጠፋል። ልብ የሚለው የለም። ማስፋፊያው ውስጥ ነው ያ ሰው ማን እንደነበረ የሚገባህ። ቆሜ ላጨበጭብ ምንም አልቀረኝ።

ኦዲም ከአብዛኛው የጌም ጠላት የሚለየው ስለማይጮኽ ነው። ሰይፍ አይመዝም። ትሁት ነው፣ ይቀልዳል፣ ዕዳውን በጊዜው ይከፍላል። የለመንከውን ቃል በቃል ይሰጥሃል። ጉዱ እዚያው ላይ ነው። ከሰይጣን ጋር ውል የገባ ሰው ወሬ እኛ አገር ያልሰማ የለም፤ ስለዚህ ታሪኩ ባዕድ አይሆንባችሁም።

ከዚያ ሰርጉ አለ። ጌራልት የኦልጊርድን ሟች ወንድም መንፈስ በሰውነቱ አሳድሮ ሰርግ ይሄዳል። ያ ኮስታራ፣ ቃል የሚቆጥብ ሰውዬ ዛር እንደወረደበት ሰው ይሆናል። ይጨፍራል፣ ሴት ያባብላል፣ አሳማ ሲያባርር ያመሻል። ታናሽ ወንድሜ እንግሊዝኛው ስለሚፈጥንበት አጠገቤ ቁጭ ብሎ "ምን አለ? ምን አለው?" እያለ ሲያደርቀኝ ነበር። ሰርጉ ላይ መጠየቁን ተወ። እሱ እየሳቀ ነው፤ እኔን ማን ያየኛል!

ከሳቁ በኋላ የሚመጣው ቤት ግን ሌላ ነገር ነው። የኦልጊርድ ሚስት አይሪስ የኖረችበት ባዶ ግቢ። በትዝታዎቿ ውስጥ እየተራመድክ ልቡ ድንጋይ የሆነ ባል በቤት ውስጥ ምን እንደሚመስል ታያለህ። አይመታትም፣ አይሰድባትም። ብቻ የለም። እዚያው ተቀምጦ የለም። እሷ እንዴት እየከሰመች እንደሄደች ክፍል በክፍል ይገለጥልሃል። ጭራቅ ልገድል ገብቼ የትዳር ታሪክ ውስጥ ራሴን አገኘሁት። መጨረሻ ላይ አንዲት ጽጌረዳ ትወስዳለህ ወይስ ትተዋለህ ትባላለህ። ወደ የትኛውም ብትሄድ ደስ አይልህም። እኔ ጌሙን አቁሜ ተነስቼ ደጅ ወጣሁ።

ጉድለት የለውም ወይ? አለው። አዲስ አገር አታይም። ካርታው ያው የድሮው ነው፣ ጥጉ ላይ ትንሽ ተጨምሮበት። ፍልሚያውም ይከብዳል። ገና ስትጀምር ፍሳሽ ውስጥ የሚገጥምህ ግዙፍ እንቁራሪት ያስለቅሳል። የአይሪስን ቤት የሚጠብቀው ፍጡር ደግሞ አንተን በመታህ ቁጥር የራሱ ቁስል ይድናል። የጌራልት ደረጃ ሌቭል 32 ሳይደርስ አትግቡ። ከሩቅ አገር የመጣ፣ ዕቃ ላይ ልዩ ኃይል የሚቀርጽ ባለሙያም አለ፤ ሥራውን ሙሉ ለሙሉ ለማስጀመር በጠቅላላው 30,000 የጌሙን ገንዘብ ይበላል። አስቀድማችሁ ቆጥቡ።

"ብለድ ኤንድ ዋይን" ሌላ ዓለም ነው። ቱሳን የምትባል አገር ሙሉዋን ተሠርታለች፤ መልኳ የደቡብ ፈረንሳይ ነው። ፀሐይ፣ የወይን እርሻ፣ ባለ ቀለም ጥሩር የለበሱ ባላባቶች። እኔ የተጫወትኩት በክረምት ነው። የጅማ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድብ እኔ ፀሐይ ላይ ነበርኩ። በዚህ በኩል የሚከፈልበትን ያህል ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ2016 በጌም አዋርድስ ሽልማት ላይ ማስፋፊያ ሆኖ ሳለ የዓመቱ ምርጥ አርፒጂ (አንድን ገጸ ባሕርይ ሆነህ የምትጫወተው የጌም ዓይነት) ተብሎ መሸለሙም አያስገርምም።

ለጌራልት ኮርቮ ቢያንኮ የሚባል የወይን እርሻ ከነቤቱ ይሰጠዋል። ገንዘብ እያፈሰስክ ታድሰዋለህ። የቡና ማሳ ያላቸው አጎቴ አንድ ቀን መጥተው ሲያዩ ቆዩና "ታዲያ በዓመት ስንት ያስገባል?" አሉኝ። ምንም አያስገባም። አልጋው ላይ ሲተኛ ጤናው ይጨምራል ብዬ አስረዳኋቸው። "እህ" ብለው ቡናቸውን ጠጡ።

በጣም የወደድኩት አንድ አጭር ሚሽን ነው። ጌራልት ባንክ ያለውን ገንዘቡን ሊያወጣ ይሄዳል። ሞተሃል ተብሎ ሒሳቡ ተዘግቷል። በሕይወት መኖሩን ለማስረዳት ኤ38 የሚባል ፎርም ፍለጋ ከአንዱ መስኮት ወደ ሌላው ይንከራተታል። "ነገ ተመለስ" የተባለ ሰው ሁሉ ይህን ሲጫወት የገዛ ታሪኩን ያያል። ሌላም አለ፤ ፈረሱ አፍ አውጥታ የምታወራበት። አላበላሽባችሁም።

ዋናው ታሪክ ላይ ግን እከራከራለሁ። ሲጀምር ያማረ የግድያ ምርመራ ነው። ሬጂስ የሚባለው የድሮ ወዳጅ ሲመጣ ደግሞ ወሬያቸው ብቻ ይበቃል። ወደ መጨረሻው ግን ይጣደፋል። ባላንጣው ዴትላፍ ኃይለኛ ነው እንጂ እንደ ኦዲም ውስጥህ አይገባም። ካርታው ላይ የተረጨው ጥያቄ ምልክትም በዝቷል፤ የሽፍታ ካምፕ፣ ሌላ የሽፍታ ካምፕ፣ አሁንም የሽፍታ ካምፕ። ደግሞ ጥሩው መጨረሻ የሚወሰነው በቀላሉ በሚታለፍ ትንሽ ነገር ነው። ተረት ምድር ውስጥ ስትገቡ መንገድ ላይ ዕቃ የምትሸጥ ትንሽ ልጅ ታገኛላችሁ። ሪባኑን ከእሷ ግዙ ወይም በግዌንት፣ ማለትም ጌሙ ውስጥ ባለው የካርድ ጨዋታ፣ አሸንፋችሁ ውሰዱት። ለምን እንደሆነ አልናገርም።

ለአጨዋወት ከታሰበ ትልቁ ያሸንፋል፤ ሙግት የለውም። ሚውቴሽን የሚባል አዲስ የኃይል ዛፍ ያመጣል። 12 አሉ፤ በአንድ ጊዜ የሚሠራው አንዱ ብቻ ነው። ግን ሌሎች ችሎታዎችህን የምታስቀምጥበት ቦታም ይጨምርልሃል። ሌቭልህ ከፍ ብሎ ነጥብ የምታደርግበት ላጣህ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ግዌንት ለሚወዱም አዲስ የስኬሊጌ ካርዶች አሉ።

በየትኛው ይጀመር? ሁለቱንም ከዋናው ማውጫ ላይ በተዘጋጀ ጌራልት በቀጥታ መጀመር ይቻላል። አትቸኩሉ። ትንሹን ዋናውን ታሪክ ሳትጨርሱም ግቡበት፤ ሌቭላችሁ ይድረስ እንጂ። ትልቁን ግን ለመጨረሻ አስቀምጡት። የጌራልት መሰነባበቻ ሆኖ ነው የተሠራው። እንግሊዝኛ ማንበብ የሚሰለቸው ሰው ሁለቱም ይቅሩበት። አማርኛ የለም፣ ወሬው ደግሞ ብዙ ነው።

ስለ ላፕቶፕ ትንሽ ልጨምር። ጌሙ 50 ጊጋባይት ባዶ ቦታ ይፈልጋል። እኔ ያወረድኩት ሌሊት ሌሊት፣ እያቆምኩ እየቀጠልኩ ነው። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2022 የመጣው ትልቅ ማሻሻያ መልኩን አሳምሮታል፣ የድሮ ማሽን ግን ያስጨንቃል። ሲከፈት ከሚቀርቡት ሁለት የምስል አማራጮች ዳይሬክትኤክስ 11ን ምረጡ፤ 12ቱ ለጠንካራ ማሽን ነው። ያም ካልተቻለ ስቲም ላይ "ክላሲክ" የሚባለውን የድሮውን ቅጂ መመለስ ይቻላል። የቱሳን ከተማ ከዋናው ጌም ከተሞች ይልቅ የእኔን ማሽን ያጋለው ነበር። መብራት ደግሞ ያው መብራት ነው። በየቦታው ራሳችሁ ሴቭ አድርጉ፣ በፍልሚያ መሐል አይቻልምና። ባትሪያችሁ ደካማ ከሆነ እንቁራሪቱን በጠዋት ግጠሙት።