ሁለቱ ሉፒኖች፦ ገዝታችሁ እንዳትሸወዱ

የጎጃም ሰው ሉፒን የሚባለውን አበባ ሲያይ መጀመሪያ ትዝ የሚለው ግብጦ ነው። አይፈረድበትም፤ ዘመዳሞች ናቸው። ቅጠላቸው እንደተከፈተ መዳፍ ነው። ዝናብ ካባራ በኋላ መሃል መዳፉ ላይ አንዲት የውሃ ጠብታ እንደ ዕንቁ ቁጭ ትላለች። ግብጦ ግን በየዓመቱ የሚዘራ ሰብል ነው። እዚህ አሜሪካ ለጓሮ የሚሸጡት ሁለቱ አንዴ ከተተከሉ ለዓመታት እየለመለሙ የሚያብቡ ናቸው።

እኔ ተሸውጃለሁ። ሚኒሶታ ጓሮዬ ላይ የአገሬውን የዱር ሉፒን ልዝራ ብዬ፣ እሽጉ ላይ ያለውን ሰማያዊ አበባ አይቼ ገዛሁ። ሁለት ዓመት ጠብቄ ያበበው ደረቴ ጋ የሚደርስ፣ ሮዝና ነጭ የተቀላቀለበት ሌላ ጉድ ሆኖ አረፈው። ያምራል፤ ግን የፈለግኩት እሱን አልነበረም።

ስለዚህ ፎቶውን ተዉትና ሳይንሳዊ ስሙን አንብቡ። ሉፒነስ ፔሬኒስ ካለ የምሥራቅ አሜሪካና የታላላቆቹ ሐይቆች አካባቢ የዱር ሉፒን ነው። ሉፒነስ ፖሊፊለስ ካለ አገሩ የምዕራቡ ጠረፍ ነው። "ራስል" የሚል ካለበት ደግሞ እንግሊዛዊው አትክልተኛ ጆርጅ ራስል አዳቅሎ እ.ኤ.አ. በ1937 ለሕዝብ ያሳየው ባለ ብዙ ቀለም ዝርያ ነው። የእኔ ጉድ ይኸው ነበር።

ችግኝ ከሆነ የምትገዙት ቅጠሉን ያዙት። የፔሬኒስ መዳፍ ከ7 እስከ 11 ጣት አለው። ጣቶቹ አጫጭር ናቸው፤ ከ5 ሳንቲ ሜትር እምብዛም አያልፉም፤ ጫፋቸውም ደነዝ ያለ ነው። የፖሊፊለስ ከ9 እስከ 17 ይደርሳል፤ ጣቶቹ ረጃጅምና ሹል ናቸው። ቁጥሩ ስለሚደራረብ ቆጠራ ብቻውን አያዋጣም፤ እኔ ጫፉን ነው የማየው። ካበበ ደግሞ ነገሩ ቀላል ነው። ፔሬኒስ ከ30 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር ቁመት ኖሮት አበባው ሳሳ ይላል። ፖሊፊለስ ከሜትር በላይ ወጥቶ አበባውን ጥቅጥቅ አድርጎ ይደረድራል።

ግዢውን የሚወስነው ግን አፈራችሁ ነው። ፔሬኒስ አሸዋማ፣ አሲዳማ፣ ደረቅ መሬትና ሙሉ ፀሐይ ይወዳል። ማዳበሪያ አትስጡት። ውሃ የሚያቁር ከባድ አፈር ካላችሁ ሥሩ ይበሰብሳል፤ ገንዘባችሁን አታባክኑ። ፖሊፊለስና ራስል እርጥበትና ቀዝቃዛ በጋ ይፈልጋሉ። ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ያላችሁ፣ ራስልን የሐምሌው ወበቅ ቶሎ ያደክምባችኋል።

ሌላም ነገር አለ። ካርነር ብሉ የምትባል ትንሽ ሰማያዊ ቢራቢሮ አለች። ትሏ የምትበላው የፔሬኒስን ቅጠል ብቻ ነው። አሜሪካ ውስጥ ከ1992 ጀምሮ ለመጥፋት የተቃረቡ ተብለው ከተመዘገቡት አንዷ ናት። ፖሊፊለስ አይሆናትም። እሱ እንዲያውም ሜይን ውስጥና በሱፒሪየር ሐይቅ ዳር መንገድ ለመንገድ ተሰራጭቶ የአገሬውን ዕፅዋት እየገፋ ነው። ስዊድንና ፊንላንድም ያስቸገረው እሱ ነው። እዚያ ያላችሁ ባትተክሉት ይሻላል።

ፔሬኒስን ከመረጣችሁ ዘሩን ግዙ። ሥሩ ወደ ታች ጠልቆ ስለሚሄድ ያደገ ተክል ሲዛወር ይሞታል። ከዱር ተነቅሎ የመጣ ከሆነማ ጭራሽ አትንኩት። የዘሩ ልባስ ጠንካራ ነው። በብርጭቆ ወረቀት ፈተግ ፈተግ አድርጉትና አንድ ሌሊት ውሃ ውስጥ አሳድሩት። በመኸር መጨረሻ ላይ፣ ብርዱ ሊገባ ሲል፣ ዝሩትና ግማሽ ሳንቲ ሜትር አፈር አልብሱት። ክረምቱ የቀረውን ይሠራል። የሉፒን ባክቴሪያ አብሮ የሚሸጥ ከሆነ ጨምሩበት፤ ሥሩ ናይትሮጅን እንዲይዝ ያግዘዋል። አበባ የምታዩት ብዙ ጊዜ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ዓመት ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ግብጦን ቀቅለን፣ ቀናት ውሃ እየቀያየርን መራራውን አውጥተን እንበላለን። በእነዚህ ላይ እንዳትሞክሩት። ፍሬያቸው መርዛማ ነው፤ ልጆች ካሏችሁ ሳይደርቅ ልቀሙት። ደግሞም ከደረቀ አይጠብቃችሁም። ሞቃት ቀን ላይ ቀጭ ብሎ ይፈነዳና ዘሩን ጎረቤት ጓሮ ድረስ ይረጨዋል።