አባይ ማዶ ያለችው ጋራዥ እና የኤም ጂ ቢዬ ክሮቸራ

ባሕር ዳር ውስጥ የድሮ መኪና ክሮቸራ፣ ማለትም የመኪናው ዘንግ እየታጠፈ እንዲዞር የሚያደርገውን የመስቀል ቅርጽ ያለው መገጣጠሚያ፣ ማስቀየር የፈለገ ሰው ካለ ይህን ያንብብልኝ። አባይ ማዶ አንዲት ጋራዥ አለች። ታፔላ የላትም፣ ግቢዋም ጠባብ ነው፣ አብዛኛው ሥራዋ ባጃጅና አይሱዙ ነው። የኔን መኪና ግን እንደሷ አድርጎ የሠራልኝ የለም።

መኪናዬ ኤም ጂ ቢ ናት። ኤም ጂ ሲባል ዛሬ ሰው ቶሎ የሚያስበው አዲሶቹን የቻይና መኪኖች ነው፤ የኔዋ ግን እ.ኤ.አ. ከ1962 እስከ 1980 እንግሊዝ አገር አቢንግደን ላይ ይሠሩ ከነበሩት ናት። 1798 ሲሲ ሞተር አላት፣ ኃይሉ የሚሄደው ወደ ኋላ ጎማ ነው። ከካምቢዮው ወደ ዲፈረንሻሉ የሚያደርሰው ረጅም ዘንግ፣ ፕሮፔለር ሻፍት የሚባለው፣ በሁለቱም ጫፉ ክሮቸራ አለው። የኋላው አክስል ከመንገዱ ጋር ሲወጣና ሲወርድ ዘንጉ እየታጠፈ መዞር የሚችለው በነዚህ በሁለቱ ነው።

ክሮቸራ ሲያልቅ ምልክቱን ይሰጣል። ማርሽ ከፊት ወደ ኋላ ስቀይር ከሥር «ቋ» ይላል። ቀስ ብዬ ስነዳ ብረት ለብረት ሲፋተግ የሚወጣው ዓይነት ጩኸት አለ። ወደ ሐሙሲት በሚወስደው አስፋልት ላይ ፍጥነት ስጨምር ደግሞ ንዝረቱ ወንበሬ ድረስ ይመጣል። መጀመሪያ የወሰድኳት ሌላ ቦታ ነበር፤ ስሙን አልጠራም። ሁለቱንም ክሮቸራ በመዶሻ እየቀጠቀጡ ቀየሩልኝ። «ቋ» የሚለው ድምፅ ጠፋ፣ ንዝረቱ ግን ከበፊቱ ባሰ።

አባይ ማዶ ያሉት ሽማግሌ መካኒክ ከመኪናው ሥር ገብተው ትንሽ እንዳዩ ወጡና «ልጄ፣ ዘንጉ ተሳስቶ ነው የገጠመው» አሉኝ። የኤም ጂ ቢ ዘንግ ፊት ለፊቱ ላይ ጥርስ ባለው ማስገቢያ የሚንሸራተት ክፍል አለው። ይህ ክፍል ከወጣ በኋላ በየትኛውም ጥርስ ላይ መልሶ ይገባል፣ ስለዚህ የሚገጥመው ሰው ማወቅ አለበት። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ክሮቸራ ታጥፎ ሲሠራ አንዱ ወገን እኩል ቢዞርም ሌላው ወገን በአንድ ዙር ውስጥ ሁለት ጊዜ ይፈጥናል፣ ሁለት ጊዜ ይዘገያል። ይህን መዛባት መልሶ የሚያጠፋው ሁለተኛው ክሮቸራ ነው። የሚያጠፋው ግን በዘንጉ ሁለት ጫፍ ያሉት ሹካዎች፣ ክሮቸራውን የሚይዙት ባለ ሁለት ጆሮ ብረቶች፣ በአንድ መስመር ላይ ሲሆኑ ብቻ ነው። መስመሩ ከተሳተ መዛባቱ በመዛባት ላይ ይደመራል፣ አዲስ ክሮቸራ ብትገዙም ንዝረቱ አይለቃችሁም። ይህን መካኒክ ሁሉ ቢያውቀው እንዴት ጥሩ ነበር!

ለማየት ዘንጉን ሲያወርዱ አብሬ ቆሜ አየሁ። መኪናዋን በክሪክ ብቻ አላመኑም፣ ጠንካራ የብረት ማቆሚያ ከሥሯ አስገቡ። ቡሎኖቹን ከመፍታታቸው በፊት በካምቢዮውም በዲፈረንሻሉም በኩል በቀለም ምልክት አደረጉ፤ ዘንጉ ሲመለስ በነበረበት እንዲገባ። በየጫፉ አራት አራት ቡሎን ነው ያለው፣ ልካቸውም በኢንች ነው። የሚሊሜትር ቁልፍ ብታስገቡበት ጭንቅላቱ ይበላል። እሳቸው የኢንች ቁልፍ አላቸው፣ ከድሮ ላንድሮቨር ዘመን የቀረ።

በመዶሻ የገቡት አዲስ ክሮቸራዎች ሲወጡ አንዱ ቀድሞ ተበላሽቶ ተገኘ። የክሮቸራው አራት ጫፎች እያንዳንዳቸው ትንሽ የብረት ኩባያ ይገባባቸዋል፤ በየኩባያው ውስጥ መርፌ የሚያካክሉ ቀጫጭን ሮለሮች ዙሪያውን ተደርድረዋል። ሲገጠም አንዷ ብትወድቅና ኩባያው ግርጌ ብትተኛ ኩባያው እስከ መጨረሻው አይገባም። ያኔ ሰው አልገባ ሲለው ይደበድበዋል፣ ሮለሯም ትሰበራለች። የኔም የሆነው ይኸው ነው። ሌላ ከውጭ አስመጥቼ ተመለስኩ፤ የኤም ጂ ቢ ዕቃ ዛሬም ይመረታል። እሳቸው ግን ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን አላመኑም። የኩባያውን ስፋትና ከጫፍ ጫፍ ያለውን ርዝመት በካሊፐር ለክተው ከአሮጌው ጋር አስተያዩት። አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ወርዳችሁ ተመሳሳይ የምትፈልጉ ከሆነም ይህን ልክ ይዛችሁ ሂዱ፣ በዓይን የሚመስል ብዙ አለ።

መግጠሙ ላይ መዶሻ የለም ማለት ይቻላል። ሞርሳ፣ አንድ ትንሽ ቡሶላ ለመግፊያ፣ አንድ ትልቅ ቡሶላ ለመቀበያ። ማቆሚያ ቀለበቶቹ የሚገቡበትን ቦይ አንድ በአንድ ጠረጉ፣ ሮለሮቹን በግራሶ አጣበቁ፣ ቀስ እያሉ ጨመቁ። ቀለበቶቹ ከገቡ በኋላ መገጣጠሚያውን በእጃቸው አጠፉት፤ ትንሽ ያዝ ሲያደርግ የሹካውን ጆሮ ቀስ ብለው መታ መታ አደረጉና ለቀቀ። ዳዶዎቹ ሁሉ አዲስ ነበሩ።

«ጋሼ፣ ዛሬ ይደርሳል?» ብዬ ነበር።

«ክሮቸራ ተቸኩሎ አይገባም፣ ነገ ና።»

አሁን በጎንደር መንገድ ስነዳት ከሥር ምንም አይሰማኝም። ወንበሩ ጸጥ ብሏል፣ ማርሹም ያለ ድምፅ ይገባል። በጣም ደስ ብሎኛል፣ ይህን የምጽፈውም ለዚህ ነው።

ቅሬታም አለኝ። ስልክ አያነሱም። ደረሰኝ ብትጠይቁ ወረቀት ላይ ጽፈው ይሰጧችኋል እንጂ የታተመ የላቸውም። ባጃጅ ከመጣ ቅድሚያ ለሱ ነው፤ ባለቤቱ የቀን እንጀራው ስለሆነ ይህን መቃወም አልችልም፣ ግን ትጠብቃላችሁ። የዘንግ ባላንስ ማሽን እነሱ ጋ የለም፣ ስለዚህ ዘንጋችሁ ራሱ የተጣመመ ከሆነ ሌላ ቦታ መሄድ ግድ ነው። ግቢውም ጣሪያው ግማሽ ብቻ ነው። በክረምት ዝናብ ሲመጣ ሥራው ይቆማል፣ አቧራና ውኃ ኩሽኔታ ውስጥ እንዲገባ ስለማይፈልጉ። ይህን እንኳ እኔ እወድላቸዋለሁ።

የእጅ ዋጋቸው ከዕቃው ዋጋ በታች ነው። ከመጀመሪያው ይነግሯችኋል፣ መጨረሻ ላይ አይጨምሩም።

ለመሄድ አዲሱን የአባይ ድልድይ ተሻገሩና ባጃጅ ሠሪዎቹን ጠይቁ፣ ሁሉም ያውቋቸዋል። ቅዳሜ አትሂዱ፣ በገበያው ምክንያት መንገዱም ግቢውም ይጨናነቃል። ዕቃውን ይዛችሁ ሂዱ። ጥቂት ከነዳችሁ በኋላ ደግሞ ተመለሱ፤ ቡሎኖቹን እንደገና አጥብቀው ግራሶ ይጨምሩላችኋል፣ ለዚህ አያስከፍሉም።