ቤት ለቤት ቆሻሻ ሰብሳቢዎቹን አራት ወር ሞከርኳቸው
ጎንደር ቀሃ ኢየሱስ አካባቢ ነው የምኖረው። ሰኔ ላይ ቤት ለቤት ቆሻሻ ከሚሰበስብ የወጣቶች ማኅበር ጋር ተመዘገብኩ። ስማቸውን አልጠራም፤ ልጆቹ ያሳዝኑኛል።

ጥሩውን ላስቀድም። ቅዳሜ ጠዋት ፊሽካ ይነፋል፣ ጋሪው በር ላይ ይቆማል፣ ማዳበሪያችሁን ታወጣላችሁ፣ አለቀ። የወር ክፍያው ፒያሳ ላይ ማኪያቶ ከነኬኩ ከምትከፍሉበት አይበልጥም። ደረሰኝም ይሰጣሉ።

ጉዱ የሚመጣው ሲቀሩ ነው። ሐምሌ ላይ ሁለት ሳምንት በተከታታይ ቀሩ። ማዳበሪያዬ በር ላይ አደረ፣ ውሻ ዘነጠለው፣ ከዚያ ያ የክረምት ዝናብ የሽንኩርቱን ልጣጭም የልጄን ዳይፐርም ጠራርጎ ወደ ቦዩ፣ ከቦዩ ወደ ቀሃ ወንዝ። ቀሃ መገጭ ይገባል፣ መገጭ ደግሞ ጣና። እምቦጭ እምቦጭ እያልን የምንጮኸው እኛው ነን እኮ! ለጥምቀት የፋሲልን መዋኛ የሚሞላውም ይኸው ቀሃ ነው። ስደውል «ጋሪው ተሰብሮብን ነው እትዬ» አሉኝ። ያላቸው ጋሪ አንድ ብቻ ነው። የወሩን ግን ሙሉ ከፈልኩ።

ከዚህ የባሰ ያናደደኝ ሌላ ነው። ልጆቼን ስንት ቀን ጨቅጭቄ ሃይላንዱን ለብቻ፣ የምግብ ትራፊውን ለብቻ አስለመድኩ። ጋሪ ገፊው መጣና ዓይኔ እያየ ሁለቱንም አንድ ላይ ገለበጠው። ለቆራሌው ብሰጠው ይሻለኝ ነበር። እያንዳንዱ ቤት መልሶ ጥቅም ላይ የሚውለውን ለይቶ እንዲያወጣ ያዘዘው አዋጅ ቁጥር 513 የወጣው በ1999 ነው፤ እኛ ብንለይ እነሱ ካደባለቁት ምን ዋጋ አለው?

ሒሳብ የምትሰበስበውን ልጅ ደብተር አየሁት። የባለቤቱ ስም፣ ከፈለ፣ አልከፈለም፣ በቃ። ከየቤቱ ስንት ማዳበሪያ እንደወጣ የሚል ነገር የለበትም። እሱን ቢጽፉ ኖሮ ለሰፈሩ አንድ ጋሪ እንደማይበቃ ሳይሰበር በፊት ያውቁት ነበር፤ ማዘጋጃ ቤት ሄደው ሁለተኛ ጋሪ ሲጠይቁም የሚያሳዩት ወረቀት ይኖራቸው ነበር።

ከ5 3 ሰጥቻቸዋለሁ። አልወጣሁም፤ ያለ እነሱማ ቦዩ ነው የሚቀረን።

ባለፈው ቅዳሜ ይህንኑ ለልጅቷ ነገርኳት። ቆማ አሰበች፣ በስክሪብቶዋ ከገጹ ዳር አንድ መስመር አሰመረችና «እንግዲያው ከእርስዎ ልጀምር» ብላ ስሜ ፊት ለፊት 2 ጻፈች።