ያገለገለ ዲቲ 125 ልትገዙ ያሰባችሁ፣ የዘይት ፓምፑን ሳታዩ ብር እንዳትከፍሉ

ሰላም ወገኖች። ለእርሻ ወይ ለሳይት ስራ ብላችሁ ያገለገለ ያማሃ ዲቲ 125 ሞተር ሳይክል እየፈለጋችሁ ያላችሁ፣ በተለይ ደግሞ ወደ ቆላ ይዛችሁት ልትወርዱ ያሰባችሁ፣ እባካችሁ መጀመሪያ ይሄን አንብቡና ከዛ ተደራደሩ። እኔ 180 ሺህ ብር ከፍዬ በገዛሁ በዛው ቀን መንገድ ላይ ፒስተኑ ሲሊንደር ውስጥ ተጣብቆ ቀረ።

ሻጩ ሰበታ ነው። ደላላው የኤንጂኦ ነው፣ በጨረታ የወጣ ነው፣ ብዙ አልተነዳም አለኝ፣ እኔም ገጠር ስሰራ እነዚህ ዲቲዎች ስንት ዓመት ሲያገለግሉ ስላየሁ ቶሎ አመንኩ። ስደርስ ሞተሩ ተነስቶ ግቢ ውስጥ ቆሟል። «አንተን ስጠብቅ ላሙቀው ብዬ ነው ወንድሜ» አለኝ። የሞቀ ሞተር ደግሞ በአንድ ርግጫ ይነሳል፣ ኮምፕረሽኑ (ፒስተኑ ሲሊንደር ውስጥ የሚፈጥረው ግፊት) የደከመ መሆን አለመሆኑ የሚታወቀው በቀዝቃዛው ነው፣ ስለዚህ ስትሄዱ መጀመሪያ እጃችሁን ሞተሩ ላይ አስጠጉ፣ ሙቅ ከሆነ ሻይ ቡና በሉና እስኪቀዘቅዝ ጠብቁ፣ ሻጩ ቸኩያለሁ ካለ ትታችሁት ሂዱ። ደግሞ «እይ ጭስ እንኳን የለውም» እያለ ሲያሞግስ ነበር። መኪና ላይ ጭስ አለመኖር ጥሩ ነው፣ እንደ ዲቲ ያለ ቱ ስትሮክ ሞተር ግን ከቤንዚኑ ጋር ዘይት እያቃጠለ ነው የሚሰራው፣ በተለይ ጠዋት ሲነሳ ትንሽ ሰማያዊ ጭስ ካላያችሁ ዘይቱ የት ሄደ ብላችሁ መጠየቅ አለባችሁ።

እኔ የዘይት ማጠራቀሚያውን አየሁት፣ ሙሉ ነው፣ ዳሽቦርዱ ላይ የዘይት መብራትም አይበራም፣ በቃ ደህና ነው ብዬ ውል ተፈራረምን። ሊብሬውና የሞተር ቁጥሩ ይመሳሰላል፣ እሱ ላይ ችግር አልነበረም።

አሁን ዋናውን ልንገራችሁ። ዲቲ ላይ ቤንዚንና ዘይት ለየብቻ ነው የሚቀመጡት። ያማሃ ከ1964 (እ.ኤ.አ) ጀምሮ አውቶሉብ የሚለው ትንሽ ፓምፕ ነው ዘይቱን ከማጠራቀሚያው ስቦ በቀጭን ቱቦ ወደ ሞተሩ አየር መግቢያ የሚልከው፣ ጋዝ በጨመራችሁ ቁጥር በካቦ ተስቦ ዘይቱንም ይጨምራል። የእኔ ላይ ይሄ ፓምፕ ከስራ ውጪ ተደርጓል። ካቦው ተፈትቷል፣ ቀጭኗ ቱቦ ካርቡራተሩ ጋ አፏ በብሎን ተደፍኗል። ሻጩ ቤንዚን ታንከሩ ውስጥ ዘይት ቀላቅሎ ነበር የሚነዳው፣ ለእኔ ግን አንዲት ቃል አልነገረኝም! የዘይት ማጠራቀሚያው ሙሉ የሆነው ማንም ስለማይጠጣው ነው፣ መብራቱም የሚያየው የማጠራቀሚያውን መጠን እንጂ ፓምፑ መስራቱን አይደለም።

ከሰበታ አዳማ ድረስ በሱ ቅልቅል ደረስኩ። አዳማ ማደያ ገብቼ ንጹህ ቤንዚን ሞላሁ፣ እንደማንኛውም ሰው። ወለንጪቲን አልፌ ወደ መተሐራ ስወርድ ሞተሩ ጉልበት እያጣ መጣ፣ ድምጹ ቀጠነ፣ ከዛ የኋላ ጎማው በአንዴ ተያዘና ፍሪሲዮኑን በደመ ነፍስ ጨበጥኩት። ከኋላዬ ሲኖ ትራክ ነበር የሚመጣው። ፈጣሪ ነው ያተረፈኝ፣ አሁንም ሳስበው ይዘገንነኛል፣ ለዛም ነው ነገሩ የብር ጉዳይ ብቻ አይደለም የምላችሁ።

አንድ ሌላ ነገር አለ፣ ከፍታው። ሰበታ ከባህር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር አያንስም፣ መተሐራ ደግሞ ወደ 950 ሜትር ነው። ደጋ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ መካኒኮች የካርቡራተሩን ጂግለር (ቤንዚን የሚያሳልፈውን ቀዳዳ) ያሳንሱታል፣ ይሄ ለዛ አገር ልክ ነው። ግን ያንኑ ይዛችሁ ቆላ ስትወርዱ አየሩ ይበዛል ቤንዚኑ ያንሳል፣ ሞተሩ ከመጠን በላይ ይግላል። ዘይቱ ቤንዚኑ ውስጥ ተቀላቅሎ የሚነዳ ከሆነ ደግሞ ቤንዚን አነሰ ማለት ዘይትም አነሰ ማለት ነው። ካንዴላውን (እሳት የሚሰጠውን) ፈታችሁ እዩት፣ ቡናማ ከሆነ ጥሩ ነው፣ ጥቁርና እርጥብ ከሆነ ቤንዚን ወይ ዘይት በዝቷል፣ ነጭ ከሆነ ግን እየተቃጠለ ነውና አትንዱት።

አዳማ አንድ ጋሼ ጋራዥ ወሰድኩት። ቴስታታውን (የሲሊንደሩን ክዳን) አነሱና ፒስተኑን አሳዩኝ፣ ጎኑ ከላይ እስከ ታች ተቧጭሯል፣ ፋሻዎቹ (የፒስተኑ ቀለበቶች) ቦያቸው ውስጥ ተጣብቀዋል። «ልጄ ይሄ በዘይት ጥም ነው የሞተው» አሉኝ። ከዛ የፒስተኑን አናት ጠርገው ቁጥሩን አሳዩኝ፣ 75 ይላል። ማለት ሲሊንደሩ ከዚህ በፊት ተቦርቡሮ 0.75 ሚሊ ሜትር ሰፍቷል። ፒስተኑ ኦሪጅናሉ 56 ሚሊ ነው፣ ከዛ 0.25፣ 0.50፣ 0.75፣ 1.00 እያለ ይሄዳል፣ ለእኔ የቀረችኝ የመጨረሻዋ ነበረች፣ እሷንም ተጠቀምኩባት። ብዙም አልተነዳም የተባለው ሞተር ይሄ ነው።

እዚህ ጋ ጋሼን በጣም አመሰግናለሁ። ሌላ ቦታ ቢሆን ፒስተን ቀይረው ይሸኙኝ ነበር፣ እሳቸው ግን ምክንያቱ ሳይታወቅ አዲስ ፒስተን አላስረክብም ብለው ፓምፑን አጽድተው መለሱ፣ ጂግለሩንም ለቆላ አስተካከሉ፣ ከዛ አስነስተው ሲያዳምጡት ጋዙን ሲለቁት ሞተሩ ቶሎ አይወርድም፣ ራሱን እየነዳ ይቆያል። ካርቡራተር ማጽጃ ስፕሬይ ማግኔቱ (መብራት አመንጪው) በኩል ሲረጩ ድምጹ ወዲያው ተቀየረ። በግራ በኩል የክራንክ ሻፍቱ ጎማ ሲል ደርቆ አየር ያስገባ ነበር። ያቺን ጎማ ሳይቀይሩ ቢሆን አዲሱ ፒስተን በሳምንቱ ይደገም ነበር፣ ዋጋዋ ደግሞ ከፒስተኑ ጋር አይወዳደርም። በቀኝ በኩል ያለችው ስትበላሽ ምልክቱ ሌላ ነው፣ የካምቢዮ ዘይት ወደ ሞተሩ ይሳባል፣ ነጭ ጭስ ይበዛል፣ የካምቢዮ ዘይቱም የት እንደገባ ሳይታወቅ ያንሳል።

ስለዚህ ስትገዙ የጎን ሽፋኑን አስፈቱ፣ ጋዝ ስትጠመዝዙ የፓምፑ ዘንግ አብሮ ሲዞር በአይናችሁ እዩ፣ ቀጭኗ ቱቦ ውስጥ ዘይት መኖሩን እዩ። ከዛ ማርሚታውን አስፈትታችሁ በጭስ መውጫው ቀዳዳ በስልክ ባትሪ ፒስተኑን ተመልከቱ፣ ወደ ታች የወረደ ጭረት ካለ ከዚህ በፊት ተጣብቆ ያውቃል ማለት ነው። ይሄ ሁሉ 20 ደቂቃ አይፈጅም፣ ሻጩ አይሆንም ካለ ለምን እንዳለ ታውቃላችሁ። ፓምፑ የተነቀለ ከሆነና ዋጋው ከተስማማችሁ ደግሞ ስንት በስንት እንደሚቀላቀል በግልጽ ጠይቁ፣ በ32 ለ1 ከሆነ ለ5 ሊትር ቤንዚን ወደ 155 ሚሊ ሊትር የቱ ስትሮክ ዘይት ነው፣ የመኪና ዘይት በጭራሽ እንዳታደርጉ።

ውሉን በተመለከተ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ህግ ሻጭ ለእቃው ጉድለት ኃላፊ ነው ይላል፣ እኔ ግን ደላላው ያዘጋጀው ወረቀት ላይ «አይቼ ፈትሼ ባለበት ሁኔታ ገዝቻለሁ» የሚል መስመር ፈርሜያለሁ፣ ሻጩ ስደውልለት እሱን ነው ያነበበልኝ። ያቺን መስመር አሰርዙ፣ ወይ ከሷ ስር የዘይት ፓምፑ ይሰራል፣ ሞተሩ ይህን ያህል ተቦርቡሯል ብሎ ሻጩ በእጁ ጽፎ ይፈርምላችሁ።

ኮምፕረሽን መለኪያ አሁን ገዝቻለሁ። ሞተሩ ሞቆ ጋዙን ሙሉ ከፍታችሁ ቀስቱ እስኪቆም መርገጥ ነው፣ ቪዲዮ ላይ የምትሰሙትን ቁጥር ግን እንዳለ አትውሰዱ፣ ባህር ጠለል ላይ 130 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) የሚያሳይ ጤነኛ ሞተር አዲስ አበባ ከፍታ ላይ 100 አካባቢ ቢያሳይ በሽታ አይደለም። አዳማና መተሐራ አካባቢ ያላችሁ ዲቲ ልታዩ ስትሄዱ ጻፉልኝ፣ መለኪያውን አውሳችኋለሁ፣ ቅዳሜ ከሆነ አብሬ እሄዳለሁ።