ፕረዘንትሞን፦ የሚቀየረው ፕሮሰሰሩ ነው ወይስ ግራፊክስ ካርዱ?

ጌም ሲንቀራፈፍ አብዛኛው ሰው ወዲያው የሚያስበው አዲስ ግራፊክስ ካርድ መግዛትን ነው። ካርዱ ተገዝቶ፣ ተገጥሞ፣ ፍሬሙ (በሰከንድ የሚታየው የምስል ብዛት) ግን ከነበረበት ንቅንቅ የማይልበት ጊዜ አለ፤ ማነቆው ፕሮሰሰሩ ነበራ። ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት ይህን ለመለየት በነጻ ከሚገኙት መሣሪያዎች ቅድሚያ የሚሰጠው የኢንቴሉ ፕረዘንትሞን ነው። ኢንቴል ይሥራው እንጂ ለኤንቪዲያና ለኤኤምዲ ካርዶችም ያገለግላል።

የፕሮሰሰሩን ጭነት በመቶኛ በሚያሳየው በዊንዶውስ ታስክ ማናጀር ብቻ መፍረድ ያሳስታል። 6 ኮርና 12 ትሬድ (ሥራ የሚካሄድበት መስመር) ባለው ፕሮሰሰር ላይ አንዱ ትሬድ እስከ አፍንጫው ቢሞላ በጠቅላላው ቁጥር ላይ የሚጨምረው 8 በመቶ ገደማ ነው። ብዙ ጌሞች ደግሞ ከባዱን ሥራ የሚጭኑት በአንድ ሁለት ትሬድ ላይ ነው። ስለዚህ ታስክ ማናጀር 35 በመቶ እያለ ፕሮሰሰሩ ግን ትንፋሽ ሊያጥረው ይችላል።

ፕረዘንትሞን በመቶኛ ፋንታ ጊዜን ይለካል። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2023 የተጨመረለት ጂፒዩ ቢዚ የሚባለው ቁጥር፣ ካርዱ በእያንዳንዱ ፍሬም ላይ ስንት ሚሊሰከንድ በትክክል እንደሠራ ያሳያል። ይህን ከፍሬም ታይም (አንድ ፍሬም ከሚፈጀው ጊዜ) ጋር ጎን ለጎን ማየት ነው። ጌሙ በሰከንድ 60 ፍሬም ሲሰጥ ፍሬም ታይሙ 16.7 ሚሊሰከንድ ይሆናል። ጂፒዩ ቢዚ 16.3 ካለ ካርዱ ያለ ዕረፍት እየሠራ ነው፤ ማነቆው እሱ ነው። 9 ብቻ ካለ ግን ካርዱ በየፍሬሙ 7.7 ሚሊሰከንድ እጁን አጣጥፎ ሥራ ይጠብቃል። ሥራው ቶሎ ቢደርሰው ያው ካርድ ወደ 110 ፍሬም ይሰጥ ነበር፤ 1000ን ለ9 ማካፈል ነው። እንዲህ ባለ ኮምፒውተር ላይ ካርድ መቀየር ገንዘብ መጣል ነው።

ከመለካታችሁ በፊት ግን ፍሬሙን ከስክሪኑ ፍጥነት ጋር የሚያስረውን ቪሲንክንና ማንኛውንም የፍሬም ገደብ አጥፉ፤ በጌሙ ውስጥም፣ በካርዱ ድራይቨር ሴቲንግም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። 60 ላይ የተገደበ ጌም 16.7 እና 9 ያሳያል፤ ማለትም ፕሮሰሰር ያነቀው ጌም የሚያሳየውን ቁጥር ቁርጥ አድርጎ ያሳያል። በመሃል ሰው ሠራሽ ፍሬም የሚጨምረው ፍሬም ጀነሬሽንም ለጊዜው ይጥፋ። ከዚያ በጌሙ ሰው የበዛበት ከተማ ውስጥ ያንኑ መንገድ ለ60 ሰከንድ ያህል ደጋግማችሁ ሂዱ። በባዶ ሜዳ ላይ ካርዱ፣ በገበያው መሃል ፕሮሰሰሩ ማነቆ የሚሆንበት ጌም ሞልቷል፤ የሚለካው የሚያስቸግራችሁ ቦታ ላይ ነው። ማረጋገጫ ከፈለጋችሁ ሪዞሉሽኑን ከ1080 ወደ 720 አውርዱት። ፍሬሙ ካልጨመረ ጥፋቱ የካርዱ አይደለም።

ፕረዘንትሞን ማን ማንን እንደሚጠብቅ ይናገራል፤ ለምን እንደሚጠብቅ ግን አይናገርም። ፕሮሰሰሩ ዘገየ ሲባል መጀመሪያ የሚፈተሸው ራሙ ነው። 3200 ተብሎ የተሸጠ ዲዲአር4 ባዮስ (የማዘርቦርዱ መነሻ ሴቲንግ) ውስጥ፣ በተሸጠበት ፍጥነት የሚያስኬደው ኤክስኤምፒ ካልበራለት በ2133 ወይም በ2400 ሊሄድ ይችላል። አንድ ራም ብቻ መሰካትም ካርዱን ሥራ ያስፈታል፤ ሁለት ይሁን፣ ባለ አራት ቀዳዳ ማዘርቦርድ ላይ ብዙ ጊዜ ከፕሮሰሰሩ ሲቆጠር ሁለተኛውና አራተኛው ላይ። ቀጥሎ ሙቀቱን እዩ፤ የደረቀ ሙቀት አስተላላፊ ፔስት ፕሮሰሰሩን ፍጥነት ያስቀንሰዋል። ከሴቲንግ ደግሞ የሕዝብ ብዛትን፣ የዕይታ ርቀትንና ሬይ ትሬሲንግን (የብርሃን ጉዞ ስሌትን) ቀንሱ፤ ሬይ ትሬሲንግ ካርዱን ብቻ ሳይሆን ፕሮሰሰሩንም ይጫናል። ይህ ሁሉ ሆኖ ካልበቃና ቦርዱ ኤኤም4 የተባለው የኤኤምዲ ፕሮሰሰር መሰኪያ ያለው ከሆነ፣ ባዮሱን አዘምኖ 96 ሜጋባይት ኤል3 ካሽ (በፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለ ፈጣን ሚሞሪ) ያለውን ራይዘን 7 5800ኤክስ3ዲ መግጠም ቦርድና ራም ከመቀየር ያድናል። ቦርዱ እንደሚቀበለው ግን አስቀድማችሁ አረጋግጡ።

ማነቆው ካርዱ ከሆነም ወዲያው ጥፋተኛ አይባል። የካርዱ 8 ጊጋባይት ሚሞሪ ሲሞላ የተረፈው ወደ ራም ይፈሳል፤ ጂፒዩ ቢዚው በድንገት ይዘልና ጌሙ ይንገጫገጫል። ቴክስቸሩን (የነገሮቹን የገጽታ ምስል ጥራት) ብቻ አንድ ደረጃ ማውረድ ይበቃው ይሆናል። በዝቅተኛ ሪዞሉሽን የተሠራውን ምስል የሚያሳድገው ዲኤልኤስኤስ ወይም ኤፍኤስአር ሲበራ ደግሞ የካርዱ ሸክም ስለሚቀል ማነቆው ወደ ፕሮሰሰሩ ሊሻገር ይችላል፤ እንደገና ለኩ።

ፕረዘንትሞን ጉድለትም አለው። የስክሪን ላይ ማሳያው ኤክስክሉሲቭ ፉልስክሪን በሆነ (ስክሪኑን ብቻውን በሚይዝ) ጌም ላይ አይታይም፤ ጌሙን ወደ ቦርደርለስ (ስክሪኑን የሚሞላ ጠርዝ አልባ መስኮት) መቀየር ግድ ነው። ቁጥሮቹ አማካይ ስለሆኑ ለቅጽበት የሚከሰት መንገጫገጭ ይደበቅባቸዋል፤ ግራፉን ክፈቱ፣ ወይም ልኬቱን በሲኤስቪ ፋይል ቅዱና ረጃጅሞቹን ፍሬሞች ፈልጉ። የእያንዳንዱን ትሬድ ጭነት ለማየት ኤምኤስአይ አፍተርበርነር ይሻላል። እሱም ነጻ ነው፤ ሁለቱን አብሮ መጫን ይቻላል።